የሎሚው ቅጠል ጥላ

ሊልበርን፣ ጆርጂያ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሚካኤላ፣

አሸዋ አልበላሁም። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ። ግን እሑድ በስልክ «እማዬ፣ እውነት አሸዋ እየበላሽ ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ይህ ሳይስተካከል እንዴት ከረምሽ ማለት አልሆነልኝም። አሁን እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይደክመኛል እንጂ ሕመም የለብኝም።

የጻፈችልሽ ቤኪ ናት አልሽኝ። ቤኪ ከእናቷ ከወርቅውሃ ሰምታ ነው፤ ወርቅውሃ ደግሞ በዓይኗ አይታለች። ያየችው ግን ሌላ ነው። ወሬው ከሊልበርን ሲነሣ «አሸዋ ቆላች» ነበር። ማሪዬታ ሲደርስ «ቀመሰች» ተባለ። አንቺ ዘንድ ዙሪክ በገባ ጊዜ እኔ ጠግቤ ነበር።

እሑድ «በኋላ አስረዳሻለሁ» ብዬ የዘጋሁት ወንድምሽ ታዲዮስ አጠገቤ ስለነበረ ነው። እሱ ባለበት ስልክ ማውራት አልችልም፤ ድምፁን ይከፍተውና ሦስተኛ ሆኖ ይገባል። ደብዳቤ መሐል ግን ማንም አይገባም። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞችሽ ሲጫወቱ እያለቀስሽ ያጠናሽው ፊደል ዛሬ ለእኔ ጠቀመኝ። የማይገባሽ ቃል ቢኖር መዝገበ ቃላት አለሽ፤ ታዲዮስን እንዳትጠይቂው። ሌላ ደግሞ፣ ለብርዱ የላክሁልሽ ሹራብ ደረሰሽ ወይ? እጅጌው ከረዘመ እጠፊው፤ አትቁረጪው።

ሥራዬን ስታዪ ነው ያደግሽው፤ ሲያዩት ያደጉትን ነገር ደግሞ ሰው ልብ ብሎ አያየውም። ስለዚህ እንደማታውቂው አድርጌ ልንገርሽ።

ዲኬተር አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ሀብቶም አሁንም ሣጥኖቹን ያመጣልኛል። የዚህ አገር ሽማግሌዎች ሲሞቱ ልጆቻቸው የቤቱን በር ከፍተው ዕቃውን ለመጣው ሁሉ ይሸጡ የለ? ሀብቶም እዚያ ማልዶ ይደርሳል። ሰዉ ሶፋና ቴሌቪዥን ሲሻማ እሱ መኝታ ቤት ገብቶ የሟቿን የጌጥ ሣጥን ይፈልጋል። ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣልያን አገር የቆዩ ወታደሮች ለሚስቶቻቸው ከሶሬንቶ ከተማ ገዝተው ያመጧቸው ናቸው፤ ከዚያም በፊት የተሠሩ አሉ። በክዳኑ ላይ ወፍ፣ ጀልባ ወይም አበባ አለ። የማያውቅ ሰው በቀለም የተሣለ ይመስለዋል። እንጨት ነው። እያንዳንዱ ላባ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው እንደ ወረቀት ከሳሳ እንጨት በቀጭን መጋዝ ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ተገጥሞ፣ በሙጫ ተጣብቆ ነው ሥዕል የሚሆነው። በአዳሪ ትምህርት ቤታችን ያስተማረችን ጣልያናዊት መነኩሲት ሲስተር ኢማኮላታ «የእንጨት ጥልፍ» ትለው ነበር። አባቷ የሶሬንቶ ሣጥን ሠሪ ነበር። ጥልፍ የምትችል ልጅ ይህንንም ትችላለች ብላ መጋዝ አስያዘችን። መጋጠሚያው መሐል ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት ካገኘች ቃል ሳትናገር ታነሣውና ከፊታችን ትሰብረዋለች። ከክፍሏ አልቅሼ ያልወጣሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

አሁን አሸዋው ጋ ደረስኩ። ቅጠል ከእንጨት ቆርጠሽ ብታስቀምጪው ጠፍጣፋ ነው። ሕይወት የሚሰጠው ጥላው ነው፤ ጥላው የሚመጣውም ከጋለ አሸዋ ነው። የታጠበ ደቃቅ አሸዋ በመጥበሻ ምድጃ ላይ አግላለሁ። ቅጠሉን በወረንጦ ይዤ አንዱን ጠርዝ ብቻ አሸዋው ውስጥ እሰካለሁ። ጠርዙ ይጠቁርና ጥቁረቱ ወደ መሐል እየሳሳ ይሄዳል። ቅጠሉም ጎበጥ ያለ፣ ፀሐይ በአንድ በኩል የመታው ይመስላል። ጥቂት ካዘገየሽው ይከስላል፤ ከቸኮልሽ ምንም አይታይም። በሲስተር ኢማኮላታ ክፍል ሰዓት አልነበረም። ካቶሊኮቹን ልጆች የራሳቸውን ጸሎት እያስባለች ታስለካቸዋለች፤ እኔን ግን «አንቺ የቤተ ክርስቲያንሽን በይ» አለችኝ። ስለዚህ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ቀጭን ቅጠል «ሲሳየነ» ላይ ይወጣል፤ ወፈር ያለው «አሜን» ድረስ ይቆያል። ከዚያ ወዲህ ሌላ መለኪያ አላውቅም።

እንግዲህ ወርቅውሃ ያየችውን አስቢው። የሰንበቴ ዳቦ ልታደርስልኝ መጣች። በሩ ክፍት ነበርና ሳታንኳኳ ገባች። አንዲት ባልቴት ምድጃ ፊት ቆማለች፤ መጥበሻው ላይ አሸዋ አለ፤ በወረንጦ የማይታወቅ ነገር ይዛ አሸዋው ላይ ትጸልያለች።

«እትዬ የሺ፣ ምን እየቆሉ ነው?» አለችኝ።

እኔ «በከመ በሰማይ» ላይ ነበርኩ። ጣቴን አነሣሁባት።

«ሽምብራ ነው?»

«ሲሳየነ» ብዬ ቅጠሉን አወጣሁና፣ «አሸዋ ነው» አልኳት።

«አሸዋ?»

«አሸዋ። ዳቦውን እዚያ አስቀምጪው። ሁለተኛውን ላስገባ ነው፤ አታናግሪኝ።»

አማተበች። ዳቦውን አስቀምጣ እየተመለከተችኝ ወደ ኋላዋ ነው የወጣችው። ተከትዬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ግን አሸዋው ግሎ ነበር። የጋለ አሸዋ እንግዳ እስኪሸኝ አይጠብቅም። ማታ ላይ ሰንበቴው ሁሉ ሰማ። ጎሹ የሚባለው ሽማግሌ እንኳ ደውሎ «እትዬ፣ ጠበል ያስፈልግዎታል?» ብሎኛል። «ጠበሉ ቀርቶ አሸዋ ካለህ ላክልኝ» አልኩት። ቀልዴን ነበር፤ እሱ ግን ያንንም አወራው።

በሳምንቱ ወንድምሽና ሚስቱ ቅድስት መጡ። እኔ ጋራዥ ውስጥ፣ አባትሽ የሠራልኝ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ታዲዮስ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። በሥራ ቦታው ሰው ሲያሰናብት እንዲያ ይመስለኛል የሚቀመጠው።

«ማሚ፣ ፕሊዝ፣ አንድ ሚኒት ሊስን አድርጊኝ።»

«እያዳመጥኩህ ነው።»

«ስቶቩ ላይ ሳንድ ታሞቂያለሽ፤ ቤት ውስጥ አሎን ነሽ። ሴፍ አይደለም። ሃውሱን ሴል እናድርገውና እኛ ጋ ሙቭ አድርጊ። ቤዝመንቱን ሪኖቬት አስደርገንልሻል።»

«ከተናገርከው ውስጥ አማርኛው የቱ ነው?»

ቅድስት ሳቋን በእጇ ያዘችው። እሱ አልሳቀም።

«ማሚ፣ አይ አም ሲሪየስ።»

«እኔም ቀልድ አልጀመርኩም። የሥራ ጠረጴዛዬስ?»

ቅድስትን አያት። እሷም ወለሉን አየች።

«ቤዝመንቱ እኮ ካርፔት ነው» አለኝ።

ምንጣፍ ማለቱ ነው። መጋዝ፣ ሙጫ፣ አሸዋ፣ ምንም አይገባም ማለቱ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ። ይፈራል። ሲፈራ ደግሞ ነገር በፍጥነት መጨረስ ይወዳል፤ አባትሽም እንዲያ ነበር። ተከራከርንና በመጨረሻ ተስማማን። የማስታወስ ምርመራ የምታደርግ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ካለፍኩ ቤቱም ጠረጴዛውም ባሉበት ይቆያሉ፤ ነገሩን ሁለተኛ አያነሣውም። ከወደቅኩ ያለ ክርክር ማሪዬታ እነሱ ቤት እገባለሁ። ቅድስት ምስክር ሆነች። ሐኪም ዘንድ መሄዴን አንቺም ደግፈሻል ብሎኛል። አልተቀየምኩሽም፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እደግፍ ነበር።

ምርመራውን አለፍኩ። ይህንን ለቤኪም ለእናቷም መጻፍ ትችያለሽ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አስተርጓሚ ላምጣልሽ ስትለኝ አያስፈልገኝም አልኳት። ቃላት ነግራኝ ቆይታ ጠየቀችኝ፤ አልኳት። ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠረችኝ፤ ቆጠርኩ። ሰዓት ሣይልኝ አለችኝ፤ ክቡ እጅ የሣለው እስከማይመስል ድረስ አስተካክዬ ሣልኩላት። በኋላ «እንዲህ ያለ ሰዓት አይቼ አላውቅም» ብላ ለታዲዮስ አሳየችው። ለዕድሜዬ እጅግ ጥሩ ነው አለች። ወንድምሽ መኪናው ጋ ስንደርስ በሩን ሳይከፍተው አቀፈኝ።

«ሶሪ ማሚ። ሪሊ፣ ሪሊ ሶሪ።»

«ይበቃል። ሰው ያያል» አልኩት እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። የዚያኑ ቀን ወርቅውሃ ዘንድ ራሱ ደውሎ ነገራት። እሷም መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ አሸዋውንም አሳየኋት፤ ጣቷን ልትከት ስትል ነው ያተረፍኳት። ወሬው እዚህ ሞቷል። አንቺ ዘንድ የደረሰው ከመሞቱ በፊት የተነሣው ነው።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ትናንት ጽፌ እዚህ ደርሼ ነበር፤ ስሜንም ልጽፍ ነበር። ግን ያልነገርኩሽ አለ፤ የምነግረውም ሌላ ሰው የለኝም።

ወርቅውሃ በመጣች ቀን አሸዋ ውስጥ የነበረው ቅጠል ሀብቶም ያመጣልኝ የአንዲት ሣጥን ነው። ያማረች ሣጥን ናት፤ ከወይራ እንጨት የተሠራች፣ ክዳኗ ላይ የሎሚ ቅርንጫፍ ያለባት። ቅርንጫፉ ዋልነት የሚባል ጥቁር ቡናማ እንጨት ነው፤ ሎሚዎቹ ከራሱ ከሎሚ ዛፍ እንጨት ተቆርጠዋል፤ ቅጠሎቹ አረንጓዴ ቀለም የጠጣ ነጭ እንጨት ናቸው። እርጥበት አግኝቷት ጥቂት ቅጠሎች ወድቀው ጠፍተዋል። እነሱን ቆርጬ፣ ጥላ ሰጥቼ፣ ገጥሜ፣ ጎማላካ የሚባለውን የእንጨት ቫርኒሽ ቀብቼ እስኪያብረቀርቅ አሸሁና መለስኩለት። ከሐኪሟ በተመለስኩ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ ቅድስት ዲኬተር ጉዳይ ነበራትና አብሬያት ሄድኩ። ሀብቶም ሱቅ በር ላይ አወረደችኝ፤ «ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ፣ እማማ» አለችኝ።

ሣጥኗን መስኮቱ ላይ አቁሟታል። ገና ሳልገባ አየሁት።

የጥንቱ ሠሪ ፀሐይን ከግራ ነው ያመጣት። የሁሉም ሎሚ ግራው ብሩህ ነው፤ ቀኙ ጠቁሯል። የሁሉም ቅጠል እንደዚያው። የእኔዎቹ ግን ግራቸው ነው የጠቆረው። የእኔዎቹ ሁሉ። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ፀሐይ አውጥቻለሁ።

ሀብቶም ከውስጥ እየሳቀ ወጣ። «እማማ የሺ! እጅዎ ይባረክ! እስቲ ራስዎ ይንገሩኝ፤ የትኛው የእርስዎ ነው፣ የትኛው የጣልያኑ? ለመጣው ሁሉ አሳያለሁ፤ አንድም ያወቀ የለም።»

«አንተስ ታውቃለህ?»

«እኔማ ባላውቅም የማውቅ መስዬ ነው የምሸጠው። ሥራዬ አይደል?»

«ለጥቂት ቀን መልስልኝ። ማሻሸቱ ይቀረዋል።»

«አይሆንም እማማ! ረቡዕ ከሰዓት የምትወስዳት ሴትዮ አለች፤ ለልጇ ሠርግ ነው። ደግሞ ምኑ ይሻሻል? ሰውዬው ራሱ ከመቃብር ቢነሣ ባርኔጣውን ያነሣልዎታል።»

ቅድስት ደረሰች። ፊቴን አይታ «እማማ፣ ምነው? ደከመዎት እንዴ?» አለችኝ። «ፀሐዩ ነው» አልኳት። ከዚያ ወደ ቤት ወሰደችኝ።

ሚካኤላ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና የቀረውን ራስሽ አስቢው። ሁልጊዜ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ በጠመኔ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቀስት አሠምራለሁ። ሲስተር ኢማኮላታ ቀስት ያላሠመረችን ልጅ ወንበር ላይ አታስቀምጣትም ነበር። ቤት ስገባ ቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ቀስቱ አልጠፋም፤ ከግራ ወደ ቀኝ በትክክል ተሠምሯል። ከቀስቱ አጠገብ ተቀምጬ ነው ቅጠሎቹን በተቃራኒው ያጠቆርኳቸው። ዓይኔ ነው እንዳልል መንገድ ላይ ሆኜ ለይቼዋለሁ። እጄም አይደለም፤ መጋጠሚያው ፀጉር አያስገባም። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ሳስታውሰው፣ ቅጠሉን ይዤ፣ ቀኝ ጠርዙን አሸዋው ውስጥ ስሰካው ይታየኛል። ቀኙን። እምላለሁ።

አንድ ጊዜ ሰው ይስታል ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። ለቅድስት ከፋሲካ በኋላ የጠገንኩላት ትንሽ የመርፌ ሣጥን አለች፤ ወፍ ያለባት። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛት እንድትመጣ ለመንኳት። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ቆሜ አየኋት። የወፏ አካል ጥላ በአንድ በኩል ነው፤ እኔ የተካሁት ክንፍ በሌላው።

«ተበላሸች እንዴ፣ እማማ?» አለችኝ ቅድስት።

«የለም፣ ደህና ናት።»

«እኔ እኮ በጣም ነው የምወዳት። ሥራ ቦታ ወስጄ ሁሉ አሳይቻታለሁ።»

መልሼ ሰጠኋት። አንቺ የደወልሽው የዚያን ዕለት ከሰዓት ነው። ታዲዮስ አጠገቤ ተቀምጦ በአሸዋው ወሬ ይስቃል፤ «ማሚ ፐርፌክት ናት፣ ዶክተሯ ራሷ ሾክ ሆናለች» ይልሻል። እኔም «በኋላ አስረዳሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ጀምሮ ሳስበው ሰንብቻለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ነገ ከሰዓት ሴትዮዋ ሣጥኗን ለልጇ ትወስዳለች፤ ልጅቱ ቀለበቷን ታስቀምጥባታለች፤ በሕይወት ዘመኗ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይዋ ከየት እንደመጣች አትጠይቅም። ሐኪሟ አልፈሻል ብላለች። ልጄ ቃሉን ሰጥቶኛል። ቤቴም ጠረጴዛዬም ከእኔ ጋር ይቆያሉ። የማይታይ ነገር ነው። ሰንበቴው በሌለብኝ ነገር እብድ ሲለኝ ከረመ፤ ያለብኝን ግን ከእኔ በቀር የሚያይ የለም።

ብዙ ስሕተት ሠርቼ አውቃለሁ፤ ስሕተትን አልፈራውም። ስሠራው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኝ ነበር፤ ተመልሼ አየው ነበር። አሁን ምንም አልቆጠቆጠኝም። እንደ ዱሮዬ እርግጠኛ ነበርኩ። የጠዋት መድኃኒቴን እንደወሰድኩ እርግጠኛ ነኝ። ምድጃውን እንዳጠፋሁ እርግጠኛ ነኝ። አሁን «እርግጠኛ ነኝ» ስል የምሰማው ሌላ ሰው ሲናገር እንደሆነ ነው። ይህንን ለሐኪሟ አልነገርኳትም፤ ያኔ አላውቀውማ። የጠየቀችኝን ሁሉ መለስኩ። ይህን ግን አልጠየቀችኝም፤ ልትጠይቀኝም አትችልም።

ደግሞ ሳልረሳው፣ ለብርዱ የሚሆን ሹራብ ልኬልሻለሁ። ሲደርስሽ እጅጌው ከረዘመ እጠፊው፤ አትቁረጪው።

ደክሞኛል፣ ልጄ። ሥራው አይደለም ያደከመኝ፤ ሥራው አድክሞኝ አያውቅም። ራሴን መጠበቅ ነው። በር እዘጋና ተመልሼ አየዋለሁ። ያየሁትን ደግሞ እጠራጠረዋለሁ። ቀኑ ሳይጋመስ ይዝላል ሰውነቴ።

ሲስተር ኢማኮላታ አንድ ነገር ብቻ በለስላሳ ድምፅ ተናግራ ታውቃለች። አንዲት ልጅ ለምን በከብት ሙጫ እንሠራለን፣ ይሸታል፣ ፋብሪካ የሚሠራው አይሻልም ወይ ብላ ጠየቀቻት። የፋብሪካው አንዴ ከያዘ አይለቅም አለቻት። የከብቱ ግን እርጥብ ጨርቅ አድርገሽ የጋለ ብረት ስታሳርፊበት ይለቅቃል፤ የምንሠራበት ስለምንሳሳት ነው አለቻት። ያኔ ይህ የአስተማሪ ንግግር መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌላ ሙጫ አንድም ሣጥን አልጠገንኩም። ስለዚህ ቅጠሎቹ ይነሣሉ። እንደገና የምቆርጣቸው እኔ ልሁን ሌላ ሰው፣ እሱን ገና አላውቅም።

ታዲዮስ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ቤቱን ይሸጠዋል፤ ምንጣፉ ላይ ያስቀምጠኛል። ምናልባት ትክክል ይሆናል። ግን ከእኔ ይስማው። አንድ ቀን የእሳት አደጋ መኪና በር ላይ ቆሞ ሲያየው ከሚሰማው፣ ወርቅውሃ ደግሞ በሩን ከፍታ ገብታ ከምትነግረው፣ እኔ ልንገረው። ሲጨቃጨቅ ብትሰሚው አትፍረጂበት። አንቺም ከእሱ ጋር አትሟገቺልኝ።

ነይ ማለቴ አይደለም። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትነሺ። በዚህ ወቅት ትኬት አይቀመስም ይላሉ፤ በረራውም አድካሚ ነው። ክፍልሽን ትናንት ጠረግኩት፤ አንሶላውንም ቀየርኩት፤ አቧራ ስለማልወድ ነው። መስኮቱ አሁን ሳያታግል ይከፈታል።

እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ያመንሽበትን መልሰሽ የምታዪበት ዓይን አይንሳሽ። ደጉን ሰው ከመንገድሽ አያጥፋብሽ። በሄድሽበት ሁሉ ሰላም ይከተልሽ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። ሀብቶም ሱቁን ሳይከፍት ቤቱ እደውልለትና ሣጥኗን ከመስኮቱ እንዲያወርዳት እነግረዋለሁ፤ ይጮኻል፤ ይጩህ። ሴትዮዋን አንድ ቀን እንድትታገሥ ራሴ እለምናታለሁ። ቅድስት ወደ ሥራ ስትሄድ ዲኬተር እንድታደርሰኝ እጠይቃታለሁ፤ መንገድ ላይ ስለ መርፌ ሣጥኗም እነግራታለሁ። የሎሚዋን ሣጥን በፎጣ ጠቅልዬ ታዲዮስ መሥሪያ ቤት ድረስ ይዤ እሄዳለሁ። ጠረጴዛው ላይ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ፣ የጥንቱን ቅጠል በአንድ ጣቴ፣ የእኔን በሌላው እነካለታለሁ። «አይታየኝም፣ ማሚ» ይለኛል። እስኪታየው ድረስ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

እናትሽ
የሺእመቤት